የአያቴን ፊልም በቡና ላጥበው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። ቤተሰብ በራሱ ካሜራ የቀረጸውን ፊልም፣ መርዛማ ኬሚካል ሳይገዙ፣ ቤት ውስጥ በሚገኝ ነገር ማጠብ ይቻላል ወይ? ይቻላል። እኔም ለዓመታት ሳጥብ ኖሬያለሁ፤ የምወደው ሥራ ስለሆነ ስለሱ ማውራት አይሰለቸኝም። ግን ደብዳቤዎቹን ሳነብ አንድ ነገር አሳሰበኝ። ብዙ ሰው የሚነሣው «ቡና ነው እንግዲህ፣ ምን ይጎዳል?» ብሎ ነው። ቡናው እውነትም ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ እሱንም ዛሬ በየመልሱ መሀል እናገኘዋለን። ጥያቄዎቹን አሳጥሬአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አያቴ ካረፉ በኋላ ዕቃቸውን ስናነሣሣ አንድ የሱፐር 8 ፊልም (8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የቤት ሲኒማ ፊልም) ከነካርትሬጁ፣ ማለትም ከነፕላስቲክ ማቀፊያው፣ አገኘን። ታጥቦ አያውቅም። በቡና ማጠብ ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው ወይስ ወሬ? እውነት ከሆነስ የእሳቸውን ፊልም በዚህ ላጥበው?

መልስ፦ እውነት ነው። የእሳቸውን ፊልም ግን ዛሬ አይጠቡት። ምክንያቱን እነግርዎታለሁ፤ መጀመሪያ ቡናው ምን እንደሚሠራ እንይ።

ካሜራ ውስጥ ብርሃን የነካው ፊልም ላይ ምስሉ አለ፤ ዓይን ግን አያየውም። ዴቨሎፐር የሚባለው ፈሳሽ ሥራው ብርሃን የነካቸውን የብር ጨው ቅንጣቶች እየመረጠ ወደ ጥቁር ብር መለወጥ ነው። የፋብሪካ ዴቨሎፐሮች ለዚህ ብዙ ጊዜ ሜቶል እና ሃይድሮኪኖን ይጠቀማሉ። ሜቶል የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያስቆጣል፤ ሃይድሮኪኖን ደግሞ ውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት በጣም መርዛማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ በሚገኘው የሮቸስተር ቴክኖሎጂ ተቋም ዶክተር ስኮት ዊሊያምስ ከተማሪዎቻቸው ጋር ይህንን ሥራ ቡና እንደሚሠራው አሳዩ። ካፌኖል የሚባለው ነገር የመጣው ከዚያ ነው። በኋላ ሌሎች ሰዎች ቫይታሚን ሲ ጨመሩበትና በጣም ጠነከረ።

ስሙ ያሳስታል እንጂ ሥራውን የሚሠራው ካፌይን አይደለም። ካፌይክ አሲድ እና ዘመዶቹ ናቸው። ስለዚህ ካፌይን የወጣለት ቡናም ፊልም ያጥባል።

ለ1 ሊትር ብዙ ሰው የሚሠራበት ልክ ይሄ ነው፦ ውሃ የሌለው የማጠቢያ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ 54 ግራም። ንጹሕ የቫይታሚን ሲ ዱቄት 16 ግራም። በውሃ የሚሟሟው ቡና፣ ሰው በደፈናው ኔስካፌ የሚለው፣ 40 ግራም። ፊልሙ አሮጌ ከሆነ አዮዲን ያለው ጨው 10 ግራም ይጨመራል፤ ዕድሜ ፊልም ላይ የሚያመጣውን ግራጫ ጭጋግ ይቀንሳል። መጀመሪያ ሶዳው በደንብ ይሟሟ፣ ከዚያ ቫይታሚን ሲው (ትንሽ ይፈላል፣ አይደንግጡ)፣ መጨረሻ ቡናው። አረፋው እስኪወርድ 5 ደቂቃ ይጠብቁና ሳይቆይ ይጠቀሙበት፤ ለነገ አይቀመጥም። በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 15 ደቂቃ አካባቢ ነው። የመጀመሪያውን ደቂቃ ያለማቋረጥ፣ ከዚያ በየደቂቃው ለጥቂት ሴኮንድ ማንቀሳቀስ። ሽታው ይከብዳል፤ መስኮት ይክፈቱ።

አሁን ወደ አያትዎ ፊልም። የሱፐር 8 ካርትሬጅ 15 ሜትር ፊልም ይይዛል። በሴኮንድ 18 ፍሬም ከተቀረጸ 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ነው። ያ ሁሉ ነገር አንዴ ፈሳሽ ውስጥ ከገባ መመለሻ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ በካርትሬጁ መስኮት የሚታየውን የፊልሙን ጫፍ ይመልከቱ፤ «ኤክስፖዝድ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ከታተመበት እስከ መጨረሻው ተቀርጾበታል። ሳጥኑ ላይ ወይም ካርትሬጁ ላይ የተጻፈውን የፊልም ዓይነት ይጻፉት፤ ጥቁርና ነጭ ነው ወይስ ባለ ቀለም የሚለው ሁሉን ይወስናል። ከዚያ አዲስ ጥቁርና ነጭ ፊልም ገዝተው፣ የማይቆጭዎትን ነገር ቀርጸው፣ እሱን ያጥቡ። አንዴ ሳይሆን ሁለት ሦስቴ። እጅዎ ሲለምድ ፍጹም ጨለማ ውስጥ ከአያትዎ ፊልም 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስበው ይቁረጡና ያንን ብቻ ያጥቡ። 30 ሴንቲ ሜትር ማለት 4 ሴኮንድ ያህል ምስል ነው። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። የቀሩትን 3 ደቂቃ የሚያድናቸው ግን እሱ ነው። ቁራጩ በጣም ጠቆረ? ሰዓቱን ይቀንሱ። ምንም የለበትም? ያኔ የቀረውን ሳይነኩ አሮጌ ፊልም ወደሚያጥብ ላብራቶሪ ይላኩት፤ አያፍሩበት።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ቀመሩን ግራም በግራም ተከትዬ ነው ያጠብኩት። የወጣው ግን ከጥላ የማይሻል ምስል ነው። ቡናው ርካሽ ስለሆነ ይሆን?

መልስ፦ ቡናውንስ ተወው። እንዲያውም ርካሹ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ሮቡስታ የሚበዛበት ቡና እኛ የምንፈልገውን አሲድ ከአረቢካ የበለጠ ይይዛል። የምጠረጥረው ሶዳውን ነው። ይሄ ስህተት በእኔም ደርሷል፤ የመጀመሪያዬን ጥቅል ሙሉውን ያጣሁት በዚሁ ነው፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የማጠቢያ ሶዳ በሦስት መልክ ይሸጣል። አንዱ ውሃ የሌለው ደረቅ ነጭ ዱቄት ነው። ሁለተኛው ትንሽ ውሃ የያዘ ነው። ሦስተኛው እንደ ስኳር ድንጋይ የሚያብረቀርቅ ክሪስታል ሲሆን ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ቀመሩ 54 ግራም የሚለው ለመጀመሪያው ነው። ለሁለተኛው 63 ግራም፣ ለክሪስታሉ ደግሞ 146 ግራም ያህል ያስፈልጋል። አንተ ክሪስታሉን 54 ግራም ከመዘንክ ያስገባኸው ሶዳ ከሚፈለገው ከግማሽ በታች ነው ማለት ነው። ዴቨሎፐሩ ደግሞ ያለ ሶዳ አይነሣም፤ ቡናውም ቫይታሚን ሲውም የሚሠሩት ፈሳሹ አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ሲሆን ነው።

ማሸጊያው የትኛው እንደሆነ ካልነገረህ ቤኪንግ ሶዳ ግዛና ራስህ ሥራው። ቤኪንግ ሶዳ ነው ያልኩት፤ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፣ አሲድና ስታርች ተቀላቅሎበታል፣ አይሆንም። ሰፊ መጥበሻ ላይ በስሱ ዘርግተህ 200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት ተወው። መጥበሻው አሉሚኒየም አይሁን፤ ሶዳው ይበላዋል። ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና ውሃ የሌለው ሶዲየም ካርቦኔት ይቀራል። መጨረሱን እንዴት ታውቃለህ? በሚዛን። 100 ግራም ያስገባኸው 63 ግራም ሲሆን አልቋል። ወዲያው ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ክተተው፤ ከአየር እርጥበት ይስባል።

ሌላው ቫይታሚን ሲው ነው። የሚጠጣውን፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፈላውን እንክብል ከተጠቀምክ ውስጡ ሲትሪክ አሲድ፣ ስኳር፣ ቀለም አለበት፤ አሲዱ ሶዳህን ይበላዋል። ንጹሕ የአስኮርቢክ አሲድ ዱቄት ብቻ። በማንኪያ መለካትም ይቅር። የቡና ማንኪያ አንዱ ከሌላው ይለያል፤ የአንድ ግራም ልዩነት የምትለይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ግን ለሁልጊዜ ትሆንሃለች።

ጥያቄ፦ ከቡናው በኋላ ፊክሰር ያስፈልጋል ይላሉ። እኔ ምንም ኬሚካል ቤቴ ማስገባት አልፈልግም፤ ትንንሽ ልጆች አሉኝ። በወጥ ቤት ጨው ይሠራል መባሉ እውነት ነው? የተጠቀምኩበትንስ ማጠቢያው ውስጥ ብደፋው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎቹን ሳነብ በጣም የፈለግሁት ይህን ጥያቄ ነበር።

ፊክሰር ማለት ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው ከፊልሙ ላይ አሟሙቶ የሚያወጣ ፈሳሽ ነው። ጨው ይሠራል፤ ግን በግማሽ ልብ ነው የሚሠራው። በ1 ሊትር ውሃ 300 ግራም ጨው አሟሙተሽ ፊልሙን አንድ ሙሉ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ትተዪዋለሽ። ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው ቀስ እያለ ያሟሟል። ችግሩ የፊልም ኢሙልሽን (ምስሉን የሚይዘው የጄላቲን ንብርብር) ውስጥ ሲልቨር አዮዳይድ የሚባል ሌላ የብር ጨውም በትንሹ አለ፤ እሱ ደግሞ በጨው ውሃ የመሟሟት ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ዛሬ ጥሩ የመሰለሽ ፊልም ከጊዜ በኋላ እየጠቆረ ይመጣል። ለሙከራ ቁራጭ ይሁን። ለልጅነት ፊልም አልመክርም።

የተለመደው ፊክሰር ሶዲየም ታዮሰልፌት ግን፣ በድሮ ስሙ ሃይፖ፣ እንደ ስሙ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ሄርሽል የብር ጨው እንደሚያሟሟ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1819 ነው፤ በ1839 ፎቶግራፍ ሲመጣ ያ ግኝት ሥራ ላይ ዋለ። ሐኪም ቤት ደግሞ ለሳያናይድ መርዝ መድኃኒት ሆኖ በደም ሥር ይሰጣል። ክሪስታሉን 250 ግራም ለብ ባለ ውሃ አሟሙተሽ 1 ሊትር አድርሺው። ለብ ይበል ያልኩት ሲሟሟ ውሃውን በጣም ስለሚያቀዘቅዘው ነው። ትንሽ ቁራጭ ያልታጠበ ፊልም ጣል አድርጊበትና ነጣ ብሎ ብርሃን እስኪያሳልፍ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ያዢ፤ ፊልሙን የምታቆዪው የዚያን እጥፍ ነው። ከቡናው ወደ ፊክሰሩ ስትሻገሪ አቼቶ ምናምን አያስፈልግሽም፣ ሦስቴ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። እንዲያውም አሲድ ሶዳ የጠጣ ፊልም ላይ ሲያርፍ አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋው ኢሙልሽኑን ሊበሳው ይችላል። አሲድ ከሃይፖ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ድኝ ይለቅና የሚያንቅ ጋዝ ያወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያልተጠቀምሽበት ፊክሰር መርዝነቱ ትንሽ ነው። የተጠቀምሽበት ግን ሌላ ነገር ሆኗል፤ ከፊልሙ ላይ የወጣው ብር በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። የሟሟ ብር ለዓሣና ለጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት መጥፎ መርዝ ነው። በጨው አጠብሽውም በሃይፖ ብሩ ያው ብር ነው። «በጨው ስለሠራሁ ንጹሕ ነው» የሚለው ሐሳብ ስህተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ መርዙ የመጣው አንቺ ከገዛሽው ነገር ሳይሆን ከፊልሙ ከራሱ ነው።

ስለዚህ የቡናው ፈሳሽ በብዙ ውሃ ተከትሎ ፍሳሽ ውስጥ ይሂድ። ፊክሰሩ ግን አይደፋ። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ አጠራቅሚ፤ ብዙ ጥቅል ያጥባል፣ ቶሎ አይሞላም። አንዳንድ ሰው ሳሙና የሌለበት የብረት ክር ይጨምርበታል፣ ዝገት የማይነካውን ሳይሆን የሚዝገውን። ብረቱ ይሟሟና ብሩ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን ሁሉንም ብር አያወርድም፣ ስለዚህ የቀረውን ፈሳሽ እንደ ንጹሕ ውሃ አትቁጠሪው። ዝቃጩንም ፈሳሹንም የኬሚካል ቆሻሻ ለሚቀበል ቦታ ማስረከብ ነው።

ስለ ልጆቹ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። ካፌኖል ቡና ይመስላል። መልኩ ቡና ነው፣ ከሩቅ ሽታውም ቡና ነው። በመጠጥ ጠርሙስ፣ በስኒ፣ በጆግ በጭራሽ አታስቀምጪ። ማደባለቂያ ዕቃሽም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ምግብ አይመለስ። ጓንት አድርጊ፤ ሶዳው ብቻውን ቆዳ ያደርቃል፣ ዓይን ከነካም ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ የአባቴ 8 ሚሊ ሜትር ኮዳክሮም (የኮዳክ ባለ ቀለም ፊልም) አለኝ፣ ያልታጠበ። ቀለሙ ይወጣል?

መልስ፦ አይወጣም። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም። ሌሎች የቀለም ፊልሞች ቀለም የሚፈጥረውን ነገር በውስጣቸው ይዘው ነው የሚመጡት፤ ኮዳክሮም ግን አልነበረውም፣ ቀለሙ የሚገባው ሲታጠብ ነበር፣ በጣም በተወሳሰበ ሂደት። ይህን ይሠራ የነበረው የመጨረሻው ላብራቶሪ፣ አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ፣ ፊልም መቀበል ያቆመው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2010 ነው።

ጥቁርና ነጭ ምስል ግን ሊወጣ ይችላል፣ በካፌኖልም ጭምር። ሁለት ነገር ይወቁ። ኮዳክሮም ውስጥ ከብር የተሠራ ቢጫ ማጣሪያ ንብርብር አለ፤ በጥቁርና ነጭ አጠባ አይለቅም፣ ስለዚህ ፊልሙ ጨለምለም ብሎ ይወጣል። ስካን ሲደረግ ግን ምስሉ ይገኛል። ሁለተኛው፣ ጀርባው ላይ ሬምጄት የሚባል የከሰል ሽፋን አለ። አልካላይ ሲነካው ይለሰልሳል። ከታጠበ በኋላ ፊልሙን በጣት መሀል ይዘው፣ ውሃ እየፈሰሰበት፣ ጀርባውን ብቻ በለስላሳ እርጥብ ስፖንጅ ይጥረጉ። ከሰሉ ወደ ኢሙልሽኑ ወገን ከዞረ ተጣብቆ ይቀራል፣ ምስሉ ላይም ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ፊልሙ ረጅም ነው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሁለት ሰው ቢሆኑ ይሻላል።

ደግሞም የድሮው 8 ሚሊ ሜትር ካሜራ ውስጥ ሲገባ ስፋቱ 16 ነው። በአንድ ጎን ይቀረጽና ተገልብጦ በሌላው ጎን ይቀረጻል፤ መሀል ለመሀል የሚሰነጠቀው ከታጠበ በኋላ ነው። ሰፊ ሆኖ ቢያገኙት አይደንግጡ።

ጥያቄ፦ ብርሃን የማያስገባው የፊልም ማጠቢያ ታንክ የለኝም። ባልዲ ውስጥ ባጥብ? ቀይ አምፖል አለኝ።

መልስ፦ ቀይ አምፖሉን አጥፋው! ቀይ መብራት ለፎቶ ወረቀት ነው። ለቀረጻ የሚሠራው ፊልም በአብዛኛው ቀይ ብርሃንንም ያያል፤ አንድ ደቂቃ ቢበራበት ሁሉም ይጠፋል።

ባልዲ ይሠራል፤ ብዙ የሙከራ ፊልም ሰሪዎች ሆን ብለው ያደርጉታል። 15 ሜትር ፊልም እንደ ፓስታ ፈሳሽ ውስጥ ጨምረህ፣ በጓንት ሳታቋርጥ እያገላበጥክ፣ እስከ ፊክሰሩ ድረስ ድፍን ጨለማ ውስጥ ቆመህ። ፊልሙ ከራሱ ጋር የተጣበቀበት ቦታ ሳይታጠብ ይቀራል፣ ጭረትም አይቀርም። ያንን መልክ ከወደድከው ግባበት። የቤተሰብ ፊልም ከሆነ ግን ያገለገለ ታንክ ፈልግ። በሶቪየት ዘመን የተሠሩት የሎሞ ታንኮች ፊልሙን በጠምዛዛ ማቀፊያ ላይ ዙር በዙር ይይዙታል፤ ጨለማ የሚያስፈልግህ ስታስገባው ብቻ ነው፣ ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ በብርሃን ትሠራለህ። ስንት ሊትር እንደሚይዝ በተራ ውሃ ለካ። መጠቅለሉን ደግሞ በተበላሸ ፊልም ተለማመድ፤ መጀመሪያ በብርሃን፣ ከዚያ ዓይንህን ጨፍነህ።

ጥያቄ፦ ኔጌቲቭ (ብርሃንና ጨለማው የተገለበጠ ምስል) አልፈልግም፤ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ማየት ነው የምፈልገው። በሪቨርሳል፣ ማለትም ፊልሙን በቀጥታ ትክክለኛ ምስል አድርጎ በሚያጥበው ዘዴ፣ ብሊች የሚባል ነገር አለ። ቤት ያለውን በረኪና ብጠቀም ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፣ በፍጹም! ስሙ ያመጣው መዘዝ ነው። በረኪና ጄላቲኑን ያሟሟዋል፤ ኢሙልሽኑ ምስሉን ይዞ ተልጦ ይወርድና ባዶ ፕላስቲክ ይቀርሃል። ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሳንባ የሚያቃጥል ነው።

የፊልም ብሊች ሥራው ሌላ ነው። መጀመሪያ ታጥቦ የጠቆረውን ብር አሟሙቶ ያወጣዋል፤ ያልተነካው የብር ጨው ይቀራል። እሱን ብርሃን አሳይተህ ሁለተኛ ጊዜ ስታጥበው ጨለማው ብሩህ፣ ብሩሁ ጨለማ ሆኖ ይገለበጥና ፖዘቲቭ ይሆናል። ለዚህ ድሮ ፖታሲየም ዳይክሮሜት ነበር፤ ካንሰር አምጪ ነው፣ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም። ሰዎች አሁን የሚሞክሩት ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ከሲትሪክ አሲድ ጋር ነው። የሚቀረው ውሃና ኦክስጅን ስለሆነ ሐሳቡ ደስ ይላል። ሥራው ግን አስቸጋሪ ነው። ፐሮክሳይዱ አረፋ ይፈጥራል፣ ጄላቲኑን ያለሰልሳል፣ ሙቀት ከጨመረ ኢሙልሽኑ ይሸበሸባል ወይም ይላጣል። ለቁስል የሚሸጠው 3 በመቶው ዘገምተኛ ነው፤ ሆኖም በእሱ ጀምር፣ ምክንያቱም ጠንካራው ቆዳ ያቃጥላል። ታንኩን በጭራሽ አትክደን፤ ኦክስጅኑ መውጫ ይፈልጋል። ስለዚህ ያን ደረጃ በጨለማ ትሠራዋለህ። በሲትሪክ አሲዱ ፋንታ አቼቶ አታድርግ፤ አቼቶና ፐሮክሳይድ አብረው ሲቆዩ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ፐርአሴቲክ አሲድ ይፈጥራሉ። ደግሞ ብሊቹ የበላው ብር እዚያው ፈሳሹ ውስጥ ነው ያለው፤ እሱም ከፊክሰሩ ጋር ይጠራቀም።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅከኝ፣ የማይተካ ፊልም በኔጌቲቭ አስቀረው። ስካን አድርገህ በኮምፒውተር መገልበጥ የአንድ ጠቅታ ሥራ ነው፤ እሱንም በፕሮጀክተር ማሳየት ይቻላል። ሪቨርሳሉን አዲስ በቀረጽከው ሞክር።

ጥያቄ፦ ከፓራሲታሞል ዴቨሎፐር ይሠራል ይባላል፤ ቀመሩን ብትልኩልኝ?

መልስ፦ ይሠራል፤ ቀመሩን ግን አልልክም። ፓራሲታሞሉን የሚቀይረው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ አንዲት ጠብታ ዓይን ልታጠፋ ትችላለች። የሚወጣው ፓራ አሚኖፌኖልም መርዛማ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ሮዲናል በሚል ስም የሚሸጠው ዴቨሎፐር ዋና ነገሩ እሱ ነው። የመነሻው ዕቃ መድኃኒት ስለሆነ የሚወጣው ነገር ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከቡና ውጪ በቅጠል፣ በሻይ፣ በአበባ የሚያጥቡ አሉ? ግቢያችን ውስጥ ሮዝሜሪና ናና ሞልቷል።

መልስ፦ አሉ፤ እኔ ከዚህ ሁሉ የበለጠ የምወደውም ይሄንን ነው። ካፌይክ አሲድ ከሚባለው ቤተሰብ ብዙ ዕፅዋት አላቸው፣ ሮዝሜሪና ናና በተለይ። ካናዳ ኦንታርዮ ውስጥ ፊሊፕ ሆፍማን የሚባለው የሙከራ ፊልም ሰሪ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ እርሻ ላይ በሚያካሂደው ሥልጠና ሰዎች የቀረጹትን ፊልም እዚያው በእጃቸው ያጥባሉ፤ በአካባቢው ከበቀሉ አበባና ቅጠሎች የተሠራ ዴቨሎፐርም ይጠቀማሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ብዙ ቅጠል፣ ከምታስበው በላይ ብዙ፣ በትንሽ ውሃ ለአንድ ሰዓት ያህል በዝግታ ቀቅልና በጨርቅ አጥልለው። ፍርፋሪ ከቀረ ፊልሙ ላይ ይለጠፋል። 20 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ አቀዝቅዘው፣ ከዚያ በቡናው ቀመር ልክ ሶዳና ቫይታሚን ሲ ጨምር። ቅጠሉ ከዓመቱ ወቅት፣ ከዕድሜው፣ ከደረቀበት ሁኔታ ጋር ስለሚለያይ ቋሚ ሰዓት ልሰጥህ አልችልም። በቁራጭ ፊልም ትጀምራለህ፤ በ15፣ በ25፣ በ40 ደቂቃ።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ሶዳና ቫይታሚን ሲ ያለ ምንም ቅጠል ራሳቸው ደከም ያለ ዴቨሎፐር ናቸው። ስለዚህ «በናና አጠብኩ» ከማለትህ በፊት ከዚያው ፊልም ሌላ ቁራጭ ቁረጥና በሶዳና በቫይታሚን ሲ ብቻ፣ በተመሳሳይ ሙቀት፣ ለተመሳሳይ ደቂቃ እጠበው። ሁለቱን አድርቀህ ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። የናናው ቁራጭ የጠቆረበት መጠን፣ ከሌላው የበለጠበት ያህል፣ እሱ የቅጠልህ ሥራ ነው።